የኃይል ሚዛንና የሚዛኑ ድንጋይ

(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



ገበያ ወጥቶ ቡና ወይም በርበሬ የሸመተ ሰው ሁሉ ሚዛን ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ነጋዴው በአንዱ ሳሕን ላይ ሸቀጡን፣ በሁለተኛው ላይ መመዘኛ ድንጋዩን ያኖራል፤ ሁለቱ ትክክል በቆሙ ጊዜ ገዢና ሻጭ ሳይጣሉ ይለያያሉ። ስለ መንግሥታት ጠባይ የሚመራመሩ ሊቃውንት «የኃይል ሚዛን» ለሚሉት አሳብ ምሳሌውን የወሰዱት ከዚሁ ከገበያው ዕቃ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የታሪክ መምህራችን ይህን ቃል ሲያስረዱን በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ትልቅ ሚዛን ሣሉና በአንዱ ሳሕን ጀርመንን ከነጓደኞቿ፣ በሁለተኛው እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ሩሲያን ጻፉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ «ኢትዮጵያስ የት ናት?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ጠመኔውን እንደ ያዙ ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያም ከሚዛኑ በታች ጠረጴዛ የሚመስል መሥመር አሠምረው፣ በመሥመሩም ላይ ትንንሽ ክቦች ሥለው፣ «እነዚህ መመዘኛ ድንጋዮች ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል ፈልጋት» አሉት። ክፍሉ ሁሉ ሣቀ፤ እኔም ከሣቁት አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ያን ቀን ያልገባኝን ነገር ነው። የማነሣቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አሳቡ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ዳኛ አለ፤ ዳኛው የፈረደውንም የሚያስፈጽም ፖሊስ አለ። በመንግሥታት መካከል ግን ከሁሉ በላይ ሆኖ ፈርዶ የሚያስፈጽም ዳኛ የለም። ስለዚህ ከጎረቤቶቹ አንዱ ከመጠን በላይ ሲበረታ ያየ መንግሥት፣ ዛሬ ባይነካኝ ነገ ይነካኛል ብሎ ይሰጋል። ስለ ሰጋም ወይ የራሱን ጦር ያበዛል፣ ወይ እንደ እርሱ ከሰጉት ጋራ ቃል ኪዳን ይገባል። ኃይለኛው ደግሞ በፊቱ የቆመበትን ሲያይ፣ ጦር ቢያነሣ የሚያገኘው ከሚያጣው እንዳይበልጥ ያስብና እጁን ይሰበስባል። ሚዛን ቆመ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ነገር ከስሙ በፊት የነበረ ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ቱሲዲድስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት በአቴናና በስፓርታ መካከል ስለ ተነሣው ጦርነት ሲጽፍ፣ እውነተኛው ምክንያት የአቴና ማደግና ይህም በስፓርታ ላይ ያሳደረው ፍርሃት ነው ብሏል። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1752 ባወጣው ድርሰት፣ የኃይል ሚዛን የሚለው ቃል አዲስ ቢሆንም አሠራሩን የጥንት ሰዎችም ያውቁት እንደ ነበረ ተከራክሯል። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ አሜሪካዊው ሊቅ ኬኔዝ ዎልትዝ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሚዛኑ የሚቆመው መሪዎች ጥበበኞች ስለ ሆኑ ወይም ሰላምን ስለ ወደዱ አይደለም፤ ዳኛ በሌለበት ዓለም እያንዳንዱ ለራሱ ሕይወት ሲታገል፣ ማንም ሳያስበው እንኳ ራሱ ይቆማል የሚል ትምህርት አስተማረ። ሌላው አሜሪካዊ ስቲቨን ዎልት ደግሞ በ1987 አንድ እርማት ጨመረበት፤ ይኸውም መንግሥታት የሚተባበሩት በብርቱው ላይ ሳይሆን በሚያስፈራው ላይ ነው የሚል ነው። እኔ ይህን እርማት እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ከ1945 በኋላ ከሁሉ የበለጠ ሀብትና ጉልበት የነበራት አሜሪካ ሆና ሳለች፣ የምዕራብ አውሮፓ መንግሥታት ከእርስዋ ጋራ የተባበሩት ጦሯ በአጠገባቸው ከሰፈረው ከሶቭየት ኅብረት ሰግተው ስለ ነበር ነው። ሩቅ ያለ አንበሳና በደጅ የቆመ ነብር አንድ አይደሉም።

ቃሉ ከሊቃውንት ድርሰት ወጥቶ በመንግሥታት ውል ውስጥ የገባው በ1713 ነው። የስፔን ንጉሥ ዳግማዊ ካርሎስ በ1700 ልጅ ሳይተካ በሞተ ጊዜ፣ የፈረንሳይና የስፔን ዘውድ በአንድ ራስ ላይ እንዳይደፋ የተነሣው ጦርነት ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጀ። በመጨረሻም በዩትሬክት ከተማ እንግሊዝና ስፔን በተፈራረሙት ውል ላይ፣ ሁለቱ ዘውዶች የሚለያዩት ትክክለኛ የኃይል ሚዛን እንዲጸና መሆኑ በግልጽ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝ የመዛኝነት ቦታ ይዛ ቆየች፤ በባሕር ተከልላ ትቀመጥና በአውሮፓ ምድር አንዱ ወገን ሲከብድ ወደ ቀለለው ወገን ትጨመራለች፤ ቀሎ የነበረው ሲከብድ ደግሞ ትመለሳለች። ብዙ ሰዎች ይህን ታላቅ ብልሃት ይሉታል። በእርግጥም ብልሃት ነው። ብልሃቱ ግን ለመዛኙ ነው።

አሁን ድንጋዩ ከወዴት እንደሚመጣ እንመልከት። የፖላንድን ያህል ይህን የሚያስረዳ ታሪክ አላገኘሁም።

በ1768 ሩሲያና የቱርክ መንግሥት መዋጋት ጀመሩ። የሩሲያዋ ዳግማዊት ካትሪን ጦር በቱርክ ላይ ድል እያደረገ ወደ ዳኑብ ወንዝ ሲገፋ አውስትሪያ ደነገጠች፤ ጎረቤቷ ይህን ያህል ከሰፋች ሚዛኑ ተሰበረ ማለት ነውና ለጦርነት ማሰብ ጀመረች። ፕሩሲያ በበኩሏ ከሩሲያ ጋራ ቃል ኪዳን ስለ ነበራት ወደ ማትፈልገው ጦርነት እንዳትጎተት ፈራች። በዚህ ጊዜ የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ መላ አመጣ። መላውም ሩሲያ ከቱርክ የምትፈልገውን ቀንሳ በምትኩ ከፖላንድ ትውሰድ፤ አውስትሪያም እንዳትቀየም ከፖላንድ ትውሰድ፤ ሁለቱ ሲወስዱ ፕሩሲያ ባዶ እጅዋን ብትቀር ሚዛኑ ስለሚዛባ እርስዋም ከፖላንድ ትውሰድ የሚል ነበር። በ1772 ሦስቱ ተስማምተው ወሰዱ። ፖላንድ ከማንኛቸውም ጋራ አልተዋጋችም፤ አንዳቸውንም አላሰጋችም። ሆኖም ከምድሯና ከሕዝቧ ሢሶ ያህሉን አጣች።

በእኛ አገር ገበያ ለብዙ ዘመን በብር ላይ ባለው መልኳ የታወቀችው የአውስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ነገሩ ኅሊናዋን ስለ ከበዳት አልቅሳ ነበር ይባላል። ፍሬድሪክም ታለቅሳለች፤ ነገር ግን እያለቀሰች ትወስዳለች ብሎ ቀለደ ተብሎ ይነገራል። ቀልዱን እርሱ ተናገረው አልተናገረው፣ የወሰደችው ምድር ግን በካርታ ላይ የታየ ነው።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚል ምሳሌ እንሰማለን። በፖላንድ የሆነው ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ ሣሩ የታጨደው ዝሆኖቹ እንዳይጣሉ ተብሎ ነውና። በ1772 በሦስቱ መካከል ጦርነት አልተነሣም። በሚዛኑ ሕግ ብንፈርድ ሥራው ተሳካ ልንል ነው። ፖላንዶች ግን ድካማቸው ከውስጥ መሆኑን ተረድተው መንግሥታቸውን ሊያድሱ ተነሡ፤ በ1791 በግንቦት ወር አዲስ ሕገ መንግሥት አወጡ። ይህ በሆነ በሁለተኛው ዓመት ሩሲያና ፕሩሲያ ሁለተኛ ጊዜ ቆረሷት፤ በ1795 ሦስቱ ጎረቤቶች የቀረውን ተካፈሉትና ፖላንድ ከካርታ ጠፋች። እስከ 1918 ድረስ 123 ዓመት በዚህ ሁኔታ ቆየች።

ከናፖሌዎን መሸነፍ በኋላ በ1814 እና በ1815 በቪየና የተሰበሰቡት መንግሥታት ይህንኑ አሠራር ይበልጥ አሰልጥነው ቀጠሉበት። ሩሲያ ፖላንድን፣ ፕሩሲያም ሳክሶኒን በሙሉ እንወስዳለን ባሉ ጊዜ፣ እንግሊዝና አውስትሪያ ትናንት ጠላታቸው ከነበረችው ከፈረንሳይ ጋራ ጥር 3 ቀን 1815 ምሥጢራዊ ውል ተፈራረሙ። ጦርነት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን በመጨረሻ ተካፍለው ታረቁ። በዚያ ጉባኤ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሕዝብ ቆጣሪ ኮሚቴ መቋቋሙ ነው። የኮሚቴው ተግባር ለድርድር የቀረበው እያንዳንዱ ግዛት ስንት ነፍስ እንዳለው መቁጠር ነበር፤ ለዚህኛው ይህን ያህል ነፍስ ከተሰጠው ለዚያኛውም ይህን ያህል ይገባዋል ለማለት ነው። የገበያው ነጋዴ በፈረሱላ እንደሚመዝን፣ እነዚያም በነፍስ መዘኑ። ከሚቆጠሩት ነፍሳት መካከል ግን ወደ ማን መሄድ ትፈልጋለህ ተብሎ የተጠየቀ አልነበረም።

ፍርድ እንዳላጓድል ይህንም መናገር አለብኝ። ከ1815 እስከ 1914 ድረስ በነበሩት 99 ዓመታት፣ የክሪሚያንና የጀርመንን አንድነት ያመጡትን ጦርነቶች የመሳሰሉ ውጊያዎች ቢነሡም፣ የናፖሌዎንን ዘመን የሚያህል አውሮፓን ሁሉ ያቃጠለ ጦርነት አልተነሣም። ለሚዛኑ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ይጠቅሳሉ፤ ሐሰትም አይደለም። የእንግሊዙ የንግድ ነጻነት ጠበቃ ሪቻርድ ኮብደን ግን በ1836 እንኳ የኃይል ሚዛን የሚባለው ማንም በትክክል ሊተረጉመው የማይችል ባዶ ቃል ነው እያለ ይጽፍ ነበር። በ1914 ሁለቱ ሳሕኖች በቃል ኪዳን ተጠፍረው፣ አንዱ ሲነቃነቅ ሁሉም የሚነቃነቅበት ደረጃ ላይ በደረሱ ጊዜ፣ ሚዛኑ ራሱ ጦርነቱን ከሳራዬቮ ወደ አውሮፓ ሁሉ አስተላለፈው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን በ1918 የካቲት ወር ባደረጉት ንግግር ይህን አሠራር አውግዘው፣ ሕዝብና ግዛት እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይተላለፉ ጠየቁ። የመንግሥታት ማኅበር የቆመው በሚዛኑ ፋንታ ሕግን ለማኖር ነበር። ኢትዮጵያም በ1923 መስከረም ወር ወደ ማኅበሩ የገባችው ይህን ተስፋ ይዛ ነው።

ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ኢትዮጵያስ የት ነበረች?

ከዓድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ በሦስት መንግሥታት ተከብበው ነበር፤ እንግሊዝ በሱዳን፣ በኬንያና በሶማሌ ጠረፍ፣ ፈረንሳይ በጅቡቲ፣ ኢጣልያ በኤርትራና በሶማሌ ምድር። ምኒልክ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ወዳጅ አድርገው አልያዙም፤ በ1897 ከፈረንሳይም ከእንግሊዝም ጋራ ተዋዋሉ፣ ከኢጣልያም ጋራ ታርቀው ነበር፣ ከሩቅ ደግሞ ሩሲያን አቀረቡ። እያንዳንዱ ሌላው ከእርሱ ይልቅ እንዳይጠቀም ሲጠብቅ፣ ኢትዮጵያ በሦስቱ ቅንዓት መካከል ነጻ ሆና ቆመች። ይህ በትንሽ ኃይል የተሠራ ሚዛን ነው። ነገር ግን በ1904 እንግሊዝና ፈረንሳይ ታረቁ። ወዲያው ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1906፣ ሦስቱ በሎንዶን ስለ ኢትዮጵያ ተፈራረሙ። ውሉ የአገሪቱን ነጻነትና አንድነት እንደሚጠብቁ ይናገራል፤ ቀጥሎ ግን ነገሩ ቢለወጥ የእንግሊዝ ጥቅም በዓባይ ውሃ፣ የፈረንሳይ በምድር ባቡሩ መንገድ፣ የኢጣልያም ኤርትራንና ሶማሌን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚያገናኝ ምድር ላይ እንዲጠበቅ ይቈርጣል። ምኒልክ ነጻነቱን ስለ መጠበቃቸው አመስግነው፣ ይህ ስምምነት ግን የራሳቸውን ሥልጣን የሚያግድ አለመሆኑን በጽሑፍ አስታወቁ። በእኔ አስተያየት ከዚያ የተሻለ መልስ ሊሰጡ አይችሉም ነበር።

በ1925 ታኅሣሥ ወር እንግሊዝና ኢጣልያ ብቻቸውን ደብዳቤ ተለዋውጠው፣ አንዱ ስለ ጣና ውሃ፣ ሌላው ስለ ምድር ባቡር በኢትዮጵያ ላይ ሊረዳዱ ተስማሙ። በዚህ ጊዜ ራስ ተፈሪ የተጠቀሙት ምኒልክ ያልነበራቸውን መሣሪያ ነው። በ1926 ሰኔ ወር ነገሩን ወደ መንግሥታት ማኅበር አቀረቡት፤ ሁለቱም መንግሥታት በዓለም ፊት እያፈሩ፣ ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው ቃል ሰጡ። ሕግ ሚዛኑን ያሸነፈ መሰለ።

ዘጠኝ ዓመት አልፎ 1935 ደረሰ። ሂትለር ጀርመንን ከያዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ፈረንሳይ ፈርታለች፤ ሙሶሊኒ ደግሞ በ1934 ጀርመን አውስትሪያን እንዳትነካ ጦሩን ወደ ብሬነር በር ልኮ ስለ ነበር፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ዓይን ኢጣልያ ውድ ክብደት ሆነች። ጥር 7 ቀን የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ሮማ ወርደው ከሙሶሊኒ ጋራ ተፈራረሙ። ላቫል በኋላ የተውሁለት የንግድ ጥቅም ብቻ ነው አሉ፤ ሙሶሊኒ ግን ኢትዮጵያን በሙሉ እንደ ተተወችለት ቈጠረ።

ከዚህ በኋላ ቀኖቹን ተከታተሉ። መጋቢት 16 ቀን ሂትለር በውል የተከለከለውን የግዴታ ውትድርና ዐወጀ። መጋቢት 17 ቀን ኢትዮጵያ የወልወልን ነገር ይዛ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ሁለቱ ወረቀቶች በሎንዶንና በፓሪስ ሚኒስትሮች ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሰሞን ተቀመጡ፤ የትኛው ቀድሞ እንደ ተነበበ መገመት አያስቸግርም። በሚያዝያ ወር የሦስቱ መንግሥታት መሪዎች በስትሬዛ ተሰብስበው በጀርመን ላይ አንድ ግንባር መሆናቸውን ሲያስታውቁ፣ እንጠብቀዋለን ያሉት «የአውሮፓን ሰላም» ነበር። በዚያው ወራት የኢጣልያ ጦር በስዊዝ ቦይ እያለፈ ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር፤ በጉባኤው ጠረጴዛ ላይ ግን ይህን ጉዳይ ያነሣው አልነበረም። በበጋቸው እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ፤ ኢጣልያ መሣሪያዋን ራሷ ስለምትሠራ ክልከላው የነካው ኢትዮጵያን ብቻ ነው።

ጥቅምት 3 ቀን ወረራው ተጀመረ። የመንግሥታት ማኅበር በአራተኛው ቀን ኢጣልያን ወራሪ ናት ብሎ ፈረደ፤ ኅዳር 18 ቀንም የንግድ ማዕቀብ ጣለባት። ከማዕቀቡ ውስጥ ነዳጅ ዘይት አልነበረም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ሙሶሊኒን ከልክ በላይ ካስቀየምነው ወደ ጀርመን ሳሕን ያልፋል የሚል ስጋት ነበርና። በታኅሣሥ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና ላቫል በፓሪስ ተገናኝተው፣ ትግሬን በብዛትና ኦጋዴንን በከፊል ለኢጣልያ የሚሰጥ፣ ደቡቡንም ለኢጣልያ ሰፋሪዎች የሚከፍት፣ ለኢትዮጵያም በምትኩ ወደ ባሕር የምትወጣበት ቀጭን መንገድ የሚያበጅ ዕቅድ ነደፉ። ምሥጢሩ በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ፤ ሆር ታኅሣሥ 18 ቀን ከሥልጣናቸው ወረዱ። ይህን የሕዝብ ቍጣ ልንረሳው አይገባንም፤ ሚዛን የያዙት ሚኒስትሮቹ እንጂ ሕዝቡ አልነበረም።

እንግዲህ ዋጋው ተከፍሎ ምን ተገዛ? መጋቢት 7 ቀን 1936 ሂትለር ጦሩን ወደ ራይን ምድር አስገባ፤ ኢጣልያ አልከለከለችም። ሰኔ 30 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቆመው ተናገሩ፤ በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ። በኅዳር ሙሶሊኒ ሮማና በርሊን የአውሮፓ ዛቢያ መሆናቸውን በሚላኖ አደባባይ ተናገረ። በ1938 መጋቢት ሂትለር አውስትሪያን ሲውጥ፣ ከአራት ዓመት በፊት ወደ ብሬነር የተላከው ጦር አልተንቀሳቀሰም። ሰኔ 10 ቀን 1940፣ ፈረንሳይ ልትወድቅ በተቃረበችበት ቀን፣ ኢጣልያ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ዐወጀች። ኢጣልያን በዚህ ሳሕን ለማቆየት ተብሎ ኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ኢጣልያም ኢትዮጵያን ይዛ ወደዚያኛው ሳሕን ሄደች።

ስለዚህ ነገር የጻፉ አንዳንድ ሰዎች ሚኒስትሮቹ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። ሚዛን የሚይዝ ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በሳሕኑ ላይ የሚያኖረው ክብደት የሚረጋ መሆኑን ነው። ሙሶሊኒ የሚረጋ ክብደት አለመሆኑን ለማወቅ የተሰወረ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር። ከዚህም ሌላ የኢትዮጵያን ክብደት የሚለኩት በመድፍና በአውሮፕላን ቍጥር ብቻ ስለ ነበረ፣ ከወረራው በኋላ በየጫካውና በየተራራው የቀረውን አርበኛ በሒሳባቸው አላገቡትም። ኢጣልያ ግን ለአምስት ዓመት አገሩን ጸጥ ለማድረግ ብዙ ሠራዊትና ብዙ ገንዘብ ስታፈስ ኖራለች፤ ይህም በሳሕኑ ላይ የነበረ፣ ሳይታይ የሚከብድ ድንጋይ ነው።

እንግሊዝ ይህን ያየችው በ1940 የበጋ ወራት ብቻዋን በቀረች ጊዜ ነው። በባዝ ከተማ አራት ዓመት በስደት የተቀመጡት ንጉሠ ነገሥት ያን ጊዜ ወደ ካርቱም ተወሰዱ፤ ከጎጃም አርበኞች ጋራም መላላክ ተጀመረ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የሱዳንን ወሰን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ።